በ2.4 ሂሉክስ ካራቫን መሳብ፦ ከሱሉልታ በእንጦጦ ቁልቁል እስከ ላንጋኖ

የሱሉልታ ሜዳ፦

ሰላም ለቤቱ፣ የሱሉልታ ሜዳ ነኝ። መኪናው ሂሉክስ ደብል ጋቢና ነው፤ 2.4 ቱርቦ ናፍጣ፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ 4 በ 4። ተሳቢው አሜሪካ ሠራሽ ካራቫን፣ ሁለት አክስል፣ አራት ጎማ፣ የሳጥኑ ርዝመት 6 ሜትር፣ ወርዱ 2.44። ሰሌዳው ላይ ባዶ ክብደቱ 1,640 ኪሎ፣ ከነጭነቱ ደግሞ ከ2,270 ኪሎ እንዳያልፍ ይላል። ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ጎማው ኤስቲ 205/75 አር 14 ነው። ፒካፑ ላይ ያለው መንጠቆ ከኋላ ፓራውልት (መከላከያ ብረት) ጋር የተበየደ፣ ባለ 50 ሚሊ ኳስ ነው።

መንገዱ ከሱሉልታ በእንጦጦ ኬላ ወደ አዲሱ ገበያ፣ በቀለበት መንገድ ቃሊቲ፣ ከቱሉ ዲምቱ በፍጥነት መንገዱ ሞጆ፣ ከዚያ ባቱና ላንጋኖ። መኪናው አቅም አለው? መንጠቆው ይበቃል? ከመነሳት በፊት ምን ይሠራ? የምታውቁ ጻፉልኝ።

ካምቢዮ፦

ከአቅሙ ልጀምር። 2.4ቱ ቱርቦ ስላለው ከፍታው እንደ አሮጌዎቹ ቱርቦ የሌላቸው 3ኤል እና 5ኤል የቶዮታ ሞተሮች አያደክመውም። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሽቅብ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ይጎድለዋል። አዲስ አበባ መሃሉ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሩብ ያህሉ ጉልበት ገና ሳትነሳ ሄዷል ማለት ነው። ባለ ቱርቦው አብዛኛውን ያካክሳል፤ ግን ቱርቦው በደንብ የሚነቃው ከ1,600 ዙር ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ዳገት ላይ ስትነሳ ያለህ ስስ አየር የሚተነፍስ ተራ ሞተር ነው። ብዙ ሹፌር እዚህ ላይ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዞ ነዳጅ ይሰጣል። ሽታው ጋቢና ከገባ ዲስኩ እየነደደ ነው። አንደኛ ማርሽ፣ ማኖ ፍሬን፣ ዙሩ ሲነሳ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፤ በቃ።

ዳገቱ ኮረኮንች ከሆነ 4ኤል (ዝቅተኛውን የ4 በ 4 ማርሽ) አስገባና ተነሳ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አታስገባ። የሂሉክስ 4 በ 4 የፊትና የኋላውን የሚያለያይ የመሃል ዲፈረንሻል የለውም፤ ስትታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማ የሚሄዱት ርቀት ይለያያል፣ ጎማው መንሸራተት ካልቻለ ጭንቀቱን የሚሸከሙት ጥርሶቹ ናቸው።

ከሞተሩ ይልቅ የራዲያተሩ ክዳን ያሳስበኛል። በእኛ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚሠራው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ብቻ ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ባዶ መኪና ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆይና ተሳቢ ይዘህ ዳገት ስትወጣ ይፈላል፤ ቀጥሎ የሚበላሸው የሞተሩን ራስ የሚያሽገው የቴስታ ጓርኒሲዮን ነው። ክዳኑን በተመሳሳይ የግፊት ቁጥር ቀይረው። ውሃ ብቻውን አትጠቀም፤ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ይሁን።

መጎተት የሚችለው መጠን በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ፤ ሂሉክስ እንደተሸጠበት አገር ስለሚለያይ የሰው መኪና ቁጥር አትውሰድ። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ግን 750 ኪሎ የተለመደው ጣሪያ ነው። ስለዚህ የካራቫኑ ፍሬን ሳይሠራ ከግቢ መውጣት የለበትም።

ሞርሳ፦

ከፓራውልት ጋር የተበየደውን መንጠቆ ፍታና ጣለው። ፓራውልቱ ራሱ የተያዘው በአራት ቀጫጭን ቡሎን ነው።

መንጠቆ የሚታሰረው ከሻንሲው (መኪናውን ከሥር ከሚሸከመው ዋና ብረት) ሁለት ጎኖች ጋር፣ በቡሎን ነው። በየጎኑ ቢያንስ ሦስት ባለ 12 ሚሊ ቡሎን፣ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የተመታበት። ምልክት የሌለው ቡሎን ለአጥር በር ይሁን። የጎን ብረቱ ከ8 ሚሊ አይቅጠን። የሻንሲው ጎን ውስጡ ክፍት ሳጥን ስለሆነ ቡሎኑ ሲጠብቅ ግድግዳው ይጨፈለቃል፤ በየቀዳዳው ውስጥ በልኩ የተቆረጠ ቱቦ ይግባ። ዳዶው የማይላላ ዓይነት፣ ሮንዴላውም ወፍራም ይሁን።

ሻንሲው ላይ ብየዳ አይነካ። ሙቀቱ በብየዳው ዙሪያ ያለውን ብረት ያዳክመዋል፤ ስንጥቅ ሁሌ ከዚያ ጠርዝ ነው የሚነሳው። የሚበየደው ክፍል ከመኪናው ወርዶ ይበየድ። መኪናው ላይ ሌላ ነገር መበየድ ግድ ከሆነም መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ንቀል፤ አለበለዚያ የሞተሩን ኮምፒውተር ልታጣ ትችላለህ።

ከተቻለ ለሂሉክስ ተብሎ የተሠራ፣ የሚችለው ክብደት የተጻፈበት ባለ 2 ኢንች አራት ማዕዘን መቀበያ ግዛ። ኳሱን የሚይዘው ክንድ ይገባበትና በ16 ሚሊ ፔርኖ (የብረት ማገጃ) ይቆለፋል። ጥቅሙ ክንዱን በመቀየር የኳሱን ከፍታ ማስተካከል መቻልህ ነው። ካራቫኑን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተካክለህ አቁምና ከመሬት እስከ ኳስ ቆቡ (ኳሱን የሚጨብጠው የካራቫኑ አፍንጫ) ጫፍ ለካ። ባዶው ፒካፕ ላይ ኳሱ ከዚያ ልክ 2 ወይም 3 ሳንቲም ከፍ ይበል፤ ጭነቱ ሲያርፍ ይስተካከላል። ካራቫኑ አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ከሄደ ክብደቱ ወደ ኋላው አክስል ይዞራል፤ ጎማውም ፍሬኑም እኩል አይሠሩም።

የሱሉልታ ሜዳ፦

ጋሽ ሞርሳ እግዜር ይስጥልኝ። የካራቫኑ ቆብ ላይ 2 ኢንች ተብሎ ተመትቷል፤ ኳሴ ደግሞ 50 ሚሊ ነው። አንድ አይደሉም?

ሞርሳ፦

2 ኢንች 50.8 ሚሊ ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ያንሳል፤ ኳሱ ይገባል፣ ቆቡም ይቆለፋል፤ ግን በየጉብታው ይንኳኳል፣ ኳሱም አንድ ጎኑ ይበላል። በተቃራኒው 2 ኢንች ኳስ በ50 ሚሊ ቆብ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ላይቀመጥ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን 1 እና 7/8 ኢንቹ ኳስ ነው። 47.6 ሚሊ ነው፤ በዓይን አይለይም፣ በባለ 2 ኢንች ቆብ ውስጥ ተቆልፎ ጤነኛ ይመስላል፣ ከዚያ አንድ ስፒድ ብሬከር ላይ ዘሎ ይወጣል። በካሊፐር ለካው፤ ልኩ አናቱ ላይም ተመትቷል።

2,270 ኪሎ የሚችል ባለ 2 ኢንች ኳስ ግዛ። እግሩ 1 ኢንች ውፍረት ካለው ዳዶው በ340 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል፤ አንድ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ጫና ማለት ነው። በተራ ቁልፍ "ጠብቋል" የሚባለው ብዙውን ጊዜ ግማሹ እንኳ አይደለም።

ካቆራኘህ በኋላ ፈተናው ይህ ነው። ቆቡን ቆልፍ፣ ፔርኖውን አስገባ፣ የካራቫኑን የፊት ክሪክ ሽቅብ አዙር። የፒካፑ ኋላ ከካራቫኑ ጋር አብሮ ከተነሳ ተይዟል። ቆቡ ብቻውን ከተነሳ አልተያዘም። ከዚያ ክሪኩን እስከ መጨረሻው ሰብስብ፤ እዚህ አካባቢ ያለው ስፒድ ብሬከር ብዛት ዝቅ ብሎ የቀረ ክሪክ አይምርም።

ሁለቱ የደህንነት ሰንሰለቶች ከዘንጉ (ቆቡን ከሚሸከመው የካራቫኑ የፊት ብረት) ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ፦ የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ። ቆቡ ቢያመልጥ ዘንጉ መሬት ሳይነካ መስቀሉ ላይ ያርፋል። እያንዳንዱ የካራቫኑን ሙሉ ክብደት የሚችል ይሁን፤ ለመታጠፊያ በሚበቃ ልክ ይርዘም፣ መሬት ግን አይጎተት።

ኩንታል፦

ሞርሳ ብረቱን ጨርሶታል። እኔ ስለ ክብደቱ ልበል።

እንዲህ ላለው አሜሪካ ሠራሽ ተሳቢ ኳሱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከተጫነው ተሳቢ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። 2,270 ኪሎ ከሆነ ከ227 እስከ 340 ኪሎ ነው። 12 በመቶ አካባቢ ያዘው፣ ከመንጠቆህና ከመኪናህ ገደብ ጋርም አመሳክረው። ይህ ጫና ፒካፑ ላይ እንደተጫነ ዕቃ ይቆጠራል። አምስት ሰው ወደ 350 ኪሎ፣ የኳስ ጫና 270፣ ጀነሬተርና ዕቃ 150 ብትል 770 ኪሎ ሆነ፤ ሂሉክስህ የሚችለውን ጭነት ልትጨርሰው ነው።

ደግሞ ጫናው ከኋላ አክስል በስተኋላ ስለሚያርፍ የፊቱን ያነሳል። ኳሱ ከኋላ አክስል 1.2 ሜትር ቢርቅ፣ በሁለቱ አክስል መካከል ያለው 3.085 ሜትር ከሆነ፣ 250 ኪሎ ጫና ከፊት ጎማ 97 ኪሎ ይቀንስና ከኋላ 347 ይጨምራል። መሪው የሚቀለው፣ የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ የሚያየው ለዚህ ነው።

ለመለካት እህል፣ ብረት ወይም ሲሚንቶ የሚመዘንበት ምድር ሚዛን ያለው ግቢ ሂድ። ሁሉንም ነገር፣ ሰውንም ጨምሮ፣ ለጉዞ እንደሚሆነው ጫን። መጀመሪያ ፒካፑን ብቻውን መዝን። ቀጥሎ ካራቫኑ እንደተቆራኘ የፒካፑ አራት ጎማ ብቻ ሚዛኑ ላይ፣ የካራቫኑ ጎማ ከሚዛኑ ውጭ ይሁን። በመጨረሻ የካራቫኑን ጎማዎች ብቻ አውጣ። ምሳሌ፦ 2,340፣ 2,580፣ 1,860 ቢመጣ የኳስ ጫናው 2,580 ሲቀነስ 2,340፣ ማለትም 240 ኪሎ ነው። ካራቫኑ በጠቅላላው 1,860 እና 240፣ 2,100 ኪሎ። 240 ለ2,100 ሲካፈል 11.4 በመቶ። ጥሩ ነው።

ምድር ሚዛን ካጣህ የሰው ሚዛን ይበቃል። ጠንካራ ጣውላ ከአንድ ጫፉ ጡብ ላይ፣ ከሌላው ጫፉ የሰው ሚዛን ላይ አስቀምጥ፤ በሁለቱ ድጋፎች መካከል 120 ሳንቲም ይኑር። የካራቫኑን አፍንጫ ከጡቡ በኩል 30 ሳንቲም ላይ አሳርፈው። ሚዛኑ ያሳየውን በ4 አባዛ፤ 60 ካለ 240 ነው። ሲለካ አፍንጫው በጉዞ ጊዜ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ይሁን፤ ጎማውም በታኮ ይያዝ።

ደረቅ ጭነት፦

ይሄ ሁሉ ስሌት ምን ይሠራል? ውሃውንና ጀነሬተሩን ካራቫኑ ኋላ ላይ ጫናቸው፣ ፒካፑ ይቀለዋል፣ አይወርድም። አበቃ።

ኩንታል፦

ወንድሜ፣ ይህ ምክር ሰው ይገድላል። በቁጥር ልንገርህ። ከኳሱ እስከ አክስሎቹ መሃል 4.2 ሜትር እንበል። 120 ሊትር ውሃ ከአክስሉ 1.5 ሜትር ወደ ኋላ ከተቀመጠ የኳስ ጫናውን በ43 ኪሎ ያቀልላል። 60 ኪሎ ጀነሬተር ከአክስሉ 3 ሜትር ርቆ የኋላ መደርደሪያ ላይ ከታሰረ ሌላ 43 ኪሎ ይወስዳል። ቅድም 240 የነበረው ጫና 154 ይሆናል፤ ካራቫኑ ደግሞ 2,280 ገባ። ከ7 በመቶ በታች ነው፤ የሰሌዳውንም ገደብ በ10 ኪሎ አልፈሃል።

ኋላው የከበደ ተሳቢ በ60 ሲሄድ ደህና ይመስላል። በ85 ወይም በ90 ላይ አንድ ሲኖትራክ ሲያልፍህ መጀመሪያ የአየሩ ግፊት ይገፋዋል፣ ቀጥሎ ይስበዋል፤ ካራቫኑ መወዛወዝ ይጀምራል። ከባዱ ዕቃ ከአክስሉ በራቀ ቁጥር የጀመረው ውዝዋዜ አይበርድም፣ እያንዳንዱ ምልስ ካለፈው ይሰፋል። በመጨረሻ የፒካፑን ኋላ ይዞት ይዞራል።

ከባድ ነገር ሁሉ ከአክስሉ በላይና ትንሽ ወደ ፊት፣ ወለሉ ላይ ይጫን። ጀነሬተሩ ፒካፑ ላይ። ላንጋኖ ድረስ 120 ሊትር ውሃ ምን ያደርግልሃል? ባቱ ላይ ይሞላል። ገንዳውን ግማሽ መተውም ጥሩ አይደለም፤ ውሃው ወዲያ ወዲህ ይመታል። ወይ ባዶ ወይ ሙሉ።

ፒካፑ ኋላው ከወረደ ባሌስትራ (የኋላ ስፕሪንግ ብረት) ማስጨመር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ኋላው ይነሳል እንጂ የፊት ጎማው ያጣው ክብደት አይመለስም። ያንን የሚመልሰው በዘንጉ ግራና ቀኝ የብረት ክንዶች የሚወጥረው የክብደት ማከፋፈያ መንጠቆ ነው። ከማቆራኘትህ በፊትና በኋላ ከመሬት እስከ ፊት ፓርፋንጎ (የጎማ ሽፋን) ጠርዝ ለካ፤ ከተነሳው ቢያንስ ግማሹ እስኪመለስ ክንዱን አጥብቅ። መንጠቆውም መኪናውም ይህን ዓይነት የሚፈቅዱ መሆናቸው መታየት አለበት።

ደረቅ ጭነት፦

እሺ፣ ኋላ መጫኑን ተውኩት። ውዝዋዜው ከጀመረስ ምን ይደረጋል? ፍሬን?

ቁልቁለት፦

የፒካፑን ፍሬን አትርገጥ፤ ካራቫኑ ከኋላ ይገፋሃል። ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ውዝዋዜውን በመሪ አትከተል። ጋቢና ውስጥ የሚገጠመውን የካራቫን ፍሬን መቆጣጠሪያ ማንሻ በመጫን የካራቫኑን ፍሬን ብቻ አስይዝ፤ ከኋላ ሲጎተት ይስተካከላል። ማንሻው ሳያዩ በእጅ የሚገኝ ቦታ ላይ መታሰር ያለበትም ለዚህ ነው። ከዚያ ቆመህ ጭነቱን አስተካክል፤ በዚያው ጭነት ፍጥነት ቀንሶ መቀጠል ሌላ መኪና አልፎ ውዝዋዜውን እስኪመልሰው መጠበቅ ነው።

የፍጥነት መንገዱ ላይ 80 ይበቃሃል። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከ80 ወደ 100 ስትወጣ በ56 በመቶ ይጨምራል፤ ናፍጣውም እንዲሁ ይነግርሃል።

አምፔር፦

የሽቦውን ነገር ማንም አላነሳም፤ ትልቁ ችግር ያለው እዚያ ነው።

የሂሉክስህ ፍሬቻና ስቶፕ (የፍሬን መብራት) ለየብቻ ሽቦ አላቸው። አሜሪካ ሠራሽ ካራቫን ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀይ አምፖል ሁለቱንም ይሠራል፤ የግራ ፍሬቻና የግራ ስቶፕ በአንድ ሽቦ፣ የቀኙም እንዲሁ። እንዳለ ካገናኘኸው ፍሬን ስትይዝ ፍሬቻው ይጠፋል ወይም የፍሬቻው ኃይል ወደ ስቶፑ ተመልሶ አራቱም ይበራል። በመካከል ሁለቱን የሚያዋህድ ትንሽ መለወጫ ሳጥን ያስፈልጋል። ኃይሉን ቀጥታ ከባትሪ በፊውዝ የሚወስደውን ምረጥ፤ የመኪናውን መብራት መስመር አይጫንም።

ባለ 7 እግሩ ስፒና (የሽቦ መሰኪያ) ላይ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ መሬት፣ ቡኒ የኋላ መብራት፣ ቢጫ ግራ፣ አረንጓዴ ቀኝ፣ ሰማያዊ ፍሬን፣ ጥቁር የባትሪ መሙያ ነው። ካራቫን ላይ ግን የውስጡ ሽቦ ሌላ የቀለም አሠራር ሊከተል ስለሚችል ቀለሙን አትመን፤ በመፈተሻ አምፖል አንድ በአንድ አረጋግጥ።

በየጎማው ፍሬኑን የሚያስይዙት ማግኔቶች እያንዳንዳቸው 3 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ፤ አራት ስለሆኑ 12 አምፔር። ከሰባት ሜትር በላይ በቀጭን ሽቦ ከላክኸው ማግኔቱ ጋ ሲደርስ 12 ቮልቱ 10 ይሆንና ፍሬኑ ይሰንፋል። ሰማያዊውና ነጩ 6 ካሬ ሚሊ ሽቦ ይሁኑ፣ መቆጣጠሪያው 20 አምፔር ፊውዝ ይኑረው። መሬቱን በኳሱ በኩል ያገኛል ብሎ መተው የተለመደ ነው፤ ግራሶ የተቀባ ኳስ መሬት አይደለም። መብራቱ በየጉብታው የሚርገበገበው በዚህ ነው።

ማግኔቶቹን ከማገናኘትህ በፊት በመልቲሜትር ለካቸው። ባለ 10 ኢንቹ እያንዳንዱ 3.2 ኦም አካባቢ ያሳያል። በጣም ካነሰ ጠመዝማዛው ውስጡ ተነካክቷል፤ ምንም ካላሳየ ተበጥሷል።

የመገንጠያ ማብሪያውንም አትርሳ። ካራቫኑ ተቆርጦ ቢቀር ቀጭኑ ካቦ ፔርኖውን ይነቅልና የካራቫኑ የራሱ ባትሪ ፍሬኑን ያስይዛል። ካቦው ከሻንሲው ጋር ይታሰር፤ ከሰንሰለቱ ወይም ከኳሱ ክንድ ጋር አይታሰር፤ ክንዱ ቢወጣ አብሮ ይሄዳልና። ፈተናው፦ ፔርኖውን ንቀል፣ ፒካፑን በአንደኛ ቀስ ብለህ ሞክር፤ አራቱም ጎማ መያዝ አለበት። ቶሎ መልሰው፤ ተነቅሎ ከቆየ ባትሪው ያልቃል፣ ማግኔቱም ይግላል።

የሱሉልታ ሜዳ፦

እህት አምፔር፣ መቆጣጠሪያውን ከገጠምኩ በኋላ መጠኑን በምን ልለካ?

አምፔር፦

ደረቅ፣ ደልዳላ አስፋልት፣ በ40 ኪሎ ሜትር። የእጅ ማንሻውን ብቻ ተጫን። ካራቫኑ ካልያዘ ቁጥሩን ጨምር፤ ጎማው ከተቆለፈ ቀንስ። ትክክሉ ጎማው ሊቆለፍ ሲል ካለው ነጥብ ትንሽ ዝቅ ያለው ነው። ባዶና ሙሉ ካራቫን አንድ ቁጥር የላቸውም፤ አፈር መንገድ ስትገባም ዝቅ አድርገው።

ጎሚስታው፦

ጎማው አበባው ስላላለቀ ደህና ነው አትበል። ካራቫን ቆሞ ነው የሚያረጀው። ጎኑ ላይ በአራት ቁጥር የተመታውን አንብብ፤ 3219 ካለ የ2019 32ኛ ሳምንት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ስድስት ዓመት ካለፈው አበባው አዲስ ቢሆንም ቀይረው። ፀሐይ ጎኑን ይሰነጥቀዋል፣ ቆሞ የተጫነውም ውስጡን ሽቦ ያላላዋል።

ኤስቲ 205/75 አር 14 የመሸከም ደረጃው ሲ ከሆነ በ50 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) 798 ኪሎ ይችላል። ተመሳሳዩን ካጣህ 185 አር 14 ሲ ባለ 8 ፕላይ ፈልግ፤ የመሸከም ቁጥሩ 102 ከሆነ 850 ኪሎ ነው፣ ቁመቱም በአንድ ሳንቲም ገደማ ብቻ ያንሳል። ግን ይህን ክብደት የሚችለው በ65 ፒኤስአይ ነው፤ ቸርኬው ይህን ግፊት መቻሉን አረጋግጥ። የቤት መኪና ጎማ አትግጠም፤ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ውዝዋዜ ይጠራል። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ነፋሱን ጠዋት በብርድ ሙላ። ሱሉልታ ላይ በ10 ዲግሪ 50 የሞላኸው ላንጋኖ ቀትር ላይ በሙቀቱ ብቻ 4 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፤ ወደ 1,000 ሜትር መውረድህ ደግሞ ከንባቡ 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። መንገዱ የሚጨምረው ግለት ሌላ ነው። ከፍ ብሎ ስላየኸው አታስተንፍስ፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያድራል።

ኩሽኔታ፦ በዓመት አንዴ ወይም በ20,000 ኪሎ ሜትር ሞዞው (ኩሽኔታው ያለበት የጎማው መሃል) ይከፈት፣ ታጥቦ በአዲስ ግራሶ ይታሸግ፣ የኋላ ዘይት መያዣው ይቀየር። ሲገጠም ጎማውን እያዞርክ ዳዶውን አጥብቅ፣ ከዚያ ላላ አድርገህ በጣት ብቻ መልሰህ እስኪነካ አምጣ፣ ዳዶው እንዳይዞር የሚይዘውን ኮፒሊያ አስገባ። አጥብቀህ ከተውከው ይቃጠላል፤ በጣም ልል አድርገህ ከተውከው ጎማው ይወላገዳል። ግራሶው የፍሬኑ ሸራ ላይ ከፈሰሰ ሸራው አይታጠብም፣ ይጣላል። ቃሊቲ ስትደርስ ቁምና አራቱንም ሞዞ በእጅህ ንካ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወይ ኩሽኔታ ነው ወይ የተጣበቀ ፍሬን። የጎማ ዳዶዎቹም አዲስ ሲገጠሙ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ እንደገና ይጠብቃሉ።

ቁልቁለት፦

አሁን ወደ እንጦጦ። ፒካፑና ካራቫኑ አንድ ላይ 4,440 ኪሎ ከሆኑ፣ በየ100 ሜትር ቁልቁለት ፍሬኑና ሞተሩ መዋጥ ያለባቸው ሙቀት 14 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሞተሩ ድርሻውን ካልወሰደ ሁሉም ሸራው ላይ ያርፋል።

ከኬላው ስታልፍ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ ግባ። መሃል ላይ ሆኖ ማርሽ መቀነስ በዚህ ክብደት ላይ ከባድ ነው፤ ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ከቀረህ ደግሞ ፍጥነቱ በሴኮንዶች ያመልጣል። ዙሩ ወደ 3,000 ሲጠጋ ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ወደ 2,000 አውርደው፣ ልቀቅ፣ ይተንፍስ። እግርን ሳያነሱ ለስለስ አድርጎ እየያዙ መውረድ ነው ሸራውን የሚያነደው። ፔዳሉ ደረቅ ሆኖ መኪናው ግን ካልያዘ ሸራው ግሏል። ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል፤ ዘይቱ እርጥበት ስለሚስብ በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየራል። ሁለቱም ሲሆን ዳር ይዘህ ቁምና ይቀዝቅዝ፤ ውሃ ግን አታፍስስበት፣ ታምቡሩ ይሰነጠቃል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ኬላውን እለፍ። በኋላ አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲና ሰው ይሞላል፣ በየሜትሩ ቆመህ መነሳት ፍሪሲዮኑን ይበላል። ካራቫኑ ከሂሉክሱ በየጎኑ 30 ሳንቲም ያህል ይሰፋል፤ የማራዘሚያ መስታወት ካላደረግህ ባጃጅ ከጎንህ መኖሩን አታውቅም። ስፒድ ብሬከር ላይ 10 ኪሎ ሜትር፣ በቀጥታ፣ በሰያፍ አይደለም። ተሳቢው የራሱ ሰሌዳና የሦስተኛ ወገን መድን ይኑረው፤ መንጃ ፈቃድህም ተሳቢ መጎተት የሚፈቅድልህ መሆኑን አይ።

ሰንዳፋ በር፦

የእኔ ጥያቄ ትንሽ ይለያል። አውሮፓ ሠራሽ፣ አንድ አክስል፣ 1,300 ኪሎ፣ ፍሬኑ በግፊት የሚሠራ። 10 በመቶ የተባለው ለዚህም ነው?

ቁልቁለት፦

አይደለም። የአውሮፓው ዘንጉ ላይ የሚችለው የኳስ ጫና ተጽፏል፤ ብዙዎቹ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ከ6 እስከ 7 በመቶ ላይ ትሠራለህ። 130 ኪሎ ከጫንክበት ቆቡንና ዘንጉን ትጎዳለህ። የኳስ ጫናው ዝቅ ያለ ስለሆነ ዕቃውን ከአክስሉ በላይ መሰብሰብ ይበልጥ ግድ ይላል፤ ፍጥነቱም ከ80 አይለፍ።

የግፊት ፍሬን የሚሠራው ካራቫኑ ፒካፑን ሲገፋው ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ በሞተር ስትወርድም ይገፋሃል፤ ስለዚህ ያለማቋረጥ በትንሹ ይይዛል፣ ይግላል። አጋማሽ ላይ ቆመህ ማቀዝቀዝ ይኖርብሃል። ወደ ኋላ ስትሄድም አሮጌዎቹ ይቆለፋሉ፤ ዘንጉ ላይ ያለውን መከልከያ ማንሻ ገልብጥ፣ ስትጨርስ መልሰው። ኳሱ 50 ሚሊ ነው። ቆቡ ውዝዋዜ የሚቀንስ ሸራ ያለው ዓይነት ከሆነ ኳሱ ላይ ግራሶ አይቀባ፤ ቀለሙም ተፍቆ ይነሳ።

በሩንም እይ። ከእንግሊዝ ወይም ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ከሆነ በሩ በግራ ነው፤ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ወደ መኪናው መንገድ ይከፈታል።

የሱሉልታ ሜዳ፦

ሁላችሁም ተባረኩ። መንጠቆና ሽቦ ጀምሬያለሁ። እስከዚያ ካራቫኑ ሱሉልታ ሜዳው ላይ ይቆማል፣ መሬቱ መረሬ (ጥቁር ጭቃ) ነው። መብራትም ከቤት ልሰጠው አስቤ ነበር።

ሞርሳ፦

መረሬ ክረምት ይውጠዋል፣ በጋ ይሰነጠቅና ያዘነብለዋል። ከጎማዎቹ ሥር 30 ሳንቲም ጠጠር፣ ከላዩ ወፍራም ጣውላ። የጥግ እግሮቹ ማመጣጠኛ ናቸው፤ ካራቫኑን በእነሱ አታንሳ። ስትፈታ መጀመሪያ ታኮ ከጎማው ፊትና ኋላ፣ ከዚያ ክሪኩን አውርደህ ክብደቱን ከኳሱ አንሳ፣ ስፒናውንና የመገንጠያውን ካቦ ንቀል፣ ቆቡን ክፈት፣ ሰንሰለት በመጨረሻ።

አምፔር፦

የቤት መብራት በቀጥታ እንዳትሰካ! አሜሪካኑ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ባትሪ መሙያውና ማይክሮዌቩ በአንድ ጊዜ ይቃጠላሉ። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ፣ 4 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ያዝ። ድግግሞሹ ግን 50 ኸርዝ ሆኖ ይቀራል፤ ኤሲው ለ60 ተሠርቷልና ይሞቃል፤ አታብራው።

በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅም ሱሉልታ ላይ ቢያስቸግርህ አትገረም። አምራቾቹ ከ1,700 ሜትር በላይ በጋዝ እንደሚሰንፍ ያስጠነቅቃሉ፤ እሳቱ አየር ያጥረዋል። እዚህ በኤሌክትሪክ አብርደው፤ ላንጋኖ 1,580 አካባቢ ስለሆነ እዚያ በጋዝ ይነሳልሃል። ስትጓዝ ሲሊንደሩ ይዘጋ።